ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ ፓራሹት ዝላይ ልመለስ አስቤ ፍርሃት ይዞኛል

የጠባሴዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁና አሁንም እዚያው አነስተኛ የመድኃኒት መደብር የማስተዳድር የ37 ዓመት ሴት ነኝ። ለትምህርት አሜሪካ፣ አሪዞና በነበርሁባቸው ዓመታት ከአውሮፕላን በፓራሹት መዝለል ተምሬ፣ የመጀመሪያውን የኤ ደረጃ ፈቃድ አግኝቼ፣ ወደ አገሬ እስክመለስ ድረስ በጠቅላላው 43 ጊዜ ዘልያለሁ። የመጨረሻው ዝላዬ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ሥራ በዛ፤ የዝላይ መዝገቤም መሳቢያ ውስጥ ከልጄ የክትባት ካርድ ሥር ተቀምጦ ቀረ። በመጪው ጥር እኅቴን ለመጠየቅ ለስድስት ሳምንት ወደዚያው ስለምሄድ ተመልሼ ለመዝለል ወስኛለሁ፤ ውሳኔዬን ለባለቤቴ ከነገርሁበት ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፌ ተዛብቷል።

የሚያስጨንቀኝ ምን እንደሆነ በትክክል የገባኝ ባለፈው ወር ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ነው። ሚኒባሱ ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ጉሙ ድንገት ተገለጠና ገደሉም፣ ከሥሩ ያለው ቆላም ወለል ብሎ ታየኝ። በዚያች ቅጽበት ቀኝ እጄ ሳላዘው ተነሥቶ በነጠላዬ ላይ ደረቴን ዳበሰ፤ ይፈልግ የነበረው ዋናው ፓራሹት ሲበላሽ ተስቦ የሚጣልበትን እጀታ ነው። እጄ ቦታውን ባለመርሳቱ ደስ ሳይለኝ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ከሁለቱ እጀታዎች ቀድሞ የሚሳበው የትኛው ነው፣ የቀኙ ወይስ የግራው? መልሱ እርግጥ ሆኖ የመጣልኝ አርማንያ ልንደርስ ስንል ነው። ዱሮ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ የምመልሰውን ነገር ለማስታወስ ይህን ያህል መንገድ ከፈጀብኝ፣ ሰማይ ላይ ምን ልሆን ነው?

ስለ መጨረሻው ዝላዬም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ፓራሹቱ ሲከፈት ገመዶቹ እንደ ፈትል ተጠማዝዘው ነበር፤ ማሰሪያዎቹ ማጅራቴን ተጭነውት አንገቴን ቀና ማድረግ እንኳ አቃተኝ። አየሩን በእግሬ እየረገጥሁ ሰውነቴን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሳዞር ቆይቼ፣ የከፍታ መለኪያዬ 3,200 ጫማ ሲል ገመዱ ተፈታልኝና በሰላም አረፍሁ። ዝላይ ያቆምሁት በእርሱ ምክንያት አይደለም፤ ነገር ግን ከ43ቱ ዝላዮች መካከል በሕልሜ የሚመጣው እርሱ ብቻ ነው።

ይህ ፍርሃት ነገሩን እንድተወው የሚነግረኝ ማስጠንቀቂያ ነው ወይስ ረጅም ጊዜ ያረፈ ሰው ሁሉ የሚገጥመው? ከአሠልጣኝ ጋር በአንድ ፓራሹት ታስሬ በመዝለል ብጀምር ይሻላል? እስከ ጥር ድረስ እዚህ ደብረ ብርሃን ሆኜ ልሠራው የምችለው ዝግጅትስ አለ?

አየር ወለዱ ከደብረ ሲና፦

ልጄ፣ እኔ በ1970ዎቹ በአየር ወለድነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። የእኛና የእናንተ ዝላይ እንደሚለያይ አውቃለሁ። የእኛ ፓራሹት ከአውሮፕላኑ ጋር በታሰረ ገመድ ተስቦ ወዲያው የሚከፈት፣ ክብ፣ እንደ ልብ የማይነዳ ስለነበር፣ ከበሩ ከወጣን በኋላ የሚቀረን ትልቁ ሥራ በደንብ ማረፍ ነበር። ስለዚህ ላይ ሰማዩን የሚያውቁ ሰዎች ይንገሩሽ፤ እኔ ስለ በሩና ስለ መሬቱ ብቻ ልናገር።

አንድ ጊዜ ግዳጅ ላይ ሰንብተን ሁለት ዓመት ያህል ሳንዘል ወደ ማሠልጠኛው ተመለስን። አሠልጣኞቻችን አውሮፕላን ከማሳየታቸው በፊት ሳምንት ሙሉ ከእንጨት በተሠራ የአውሮፕላን በር ላይ አሰልፈው አሸዋ ላይ ሲጥሉን ሰነበቱ። ሃያ ምናምን ጊዜ የዘለልሁ ሰው እንደ ምልምል መቆጠሬ ስላናደደኝ ልምምዱን በግማሽ ልብ ሠራሁት። የዝላዩ ቀን መሬቱ ወደ እኔ ሲመጣ አንዱ እግሬ ቀድሞ ሊረግጠው ተዘረጋ፣ ጉልበቶቼም ተለያዩ፤ የግራ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ሐምሌ በገባ ቁጥር እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ ከነገ ጧት ጀምረሽ ይህን ሥሪ። ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፊ፣ በላዩ ወፍራም ብርድ ልብስ ደርቢበት፣ ከጉልበትሽ ከማይበልጥ ከፍታ ላይ ቁሚ። ሁለቱን እግሮችሽን ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት አጣብቀሽ፣ ጉልበትሽን ጥቂት አጥፈሽ፣ አገጭሽን ወደ ደረትሽ ሰብስበሽ ውረጂ። መጀመሪያ የእግርሽ መዳፍ የፊተኛው ክፍል ይንካ፤ ከዚያ ሳትቋረጪ በባትሽ ጎን፣ በጭንሽ ጎን፣ በመቀመጫሽና በጀርባሽ ጎን ተንከባለዪ። ዐይንሽ ግን ፊት ለፊት ይይ እንጂ መሬቱን አይፈልግ፤ እግርን የሚያዘረጋው መሬቱን ማየት ነውና። በቀኝ አሥር ጊዜ፣ በግራም አሥር ጊዜ ይበቃል። የዛሬው ፓራሹት ብዙ ጊዜ በእግር ቀጥ አድርጎ እንደሚያሳርፍ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ነፋስ ሲከፋ ወይም ግምት ሲሳሳት አጥንት የሚያተርፈው ይኸው ነው።

ፍርሃቱን በተመለከተ፣ በሩ ላይ ቆሞ የማይፈራ ጓደኛ አልነበረኝም። እየፈራ የሚባለውን ጮክ ብሎ የሚደግም ነበር፣ ፈርቶ ዝም የሚልም ነበር፤ አሠልጣኞቻችን ከሰልፍ የሚያወጡት ዝም ያለውን ነው። አንቺ ተናግረሻልና ስለዚህ በኩል አልሰጋልሽም።

የመሐል ሜዳው ዘላይ፦

የጋሼን ምክር አንድም ነገር ሳልቀንስ እደግፋለሁ። እኔ ትውልዴ መንዝ ሲሆን በአሜሪካ በዝላይ አሠልጣኝነት ከሠራሁ 12 ዓመት ሆኖኛል፤ በየዓመቱ እንደ አንቺ አርፈው የሚመለሱ ሰዎች ስለሚገጥሙኝ ጥቂት ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር፣ የኤ ደረጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከ60 ቀን በላይ ሳይዘል ከቆየ የሚመለስበትን ዝላይ ብቁ በሆነ አሠልጣኝ ክትትል ሥር እንዲያደርግ ይመክራል። ለ60 ቀን ይህ ከተባለ፣ ለሰባት ዓመት የመጀመሪያ ቀን የመሬት ላይ ትምህርቱን ከሞላ ጎደል በሙሉ ደግመሽ እንደምትማሪ አስቢ። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ስልክ ደውለሽ የዝላዮችሽን ቁጥርና የመጨረሻውን ቀን እንደ መዝገብሽ ተናገሪ፤ መዝገቡንም ይዘሽ ሂጂ። 43ን «ወደ 50 ገደማ» ብለው፣ ሰባት ዓመትን «ጥቂት ዓመታት» ብለው የሚነግሩኝ ሰዎች አሉ፤ ለእነርሱ የማዘጋጀው ትምህርት በዚያው መጠን የሚያጥርባቸው መሆኑን አያስተውሉትም።

ስለ እጀታዎቹ፣ በተለመደው ዕቃ ላይ ቀኙ ዋናውን ፓራሹት ይጥላል፣ ግራው መጠባበቂያውን ይከፍታል፤ ቅደም ተከተሉም ቀኝ ከዚያም ግራ ነው። አንዳንድ የተማሪ ዕቃ ግን ሁለቱንም ሥራ በአንድ እጀታ ስለሚሠራ፣ የሚያከራዩሽን ዕቃ አስቀድመሽ ጠይቂና በዚያው መሠረት ተለማመጂ። መርሳትሽ ሚኒባስ ውስጥ ስለታወቀሽ እግዚአብሔርን አመስግኚ። አሁን አንድ አሮጌ ሰደርያ ፈልጊና በቀኝም በግራም ደረቱ ላይ የጨርቅ እጀታ ስፊበት፤ የቀኙን በቀይ ጨርቅ አድርጊው። ባለቤትሽ በወረቀት ላይ 4,000፣ 3,000፣ 2,400 እያለ ይጻፍና ሳትዘጋጂ ያሳይሽ። በአንቺ ፈቃድ ደረጃ የመወሰኛው ከፍታ 2,500 ጫማ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጠማማውን ለመፍታት እግርሽን አንቀሳቅሺ፣ ከደረሰ ወይም ካለፈ ግን ሳታመነቺ ቀዩን በዐይንሽ ፈልገሽ ያዢ፣ ሳቢ፣ ከዚያም ግራውን። በአፍሽ ጮክ ብለሽ እየተናገርሽ ይሁን። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ሳይቋረጥ እስከ ጥር ከቀጠልሽ እጅሽ አርማንያ ድረስ አይጠብቅም።

በሕልም ስለሚመጣብሽ ዝላይ አንድ ነገር ልበል። በ3,200 ጫማ መፈታቱን እስከ ዛሬ የምታስታውሺው በዚያ ጭንቅ መካከል የከፍታ መለኪያሽን ስላየሽ ነው፤ እስከ መወሰኛው ድረስም 700 ጫማ ቀርቶሽ ነበር። እኔ አሠልጣኝሽ ብሆን ያን ዝላይ ለሌሎች ተማሪዎች በምሳሌነት እነግረው ነበር። በዚያ ቀን ብትዘናጊ ኖሮ ማንም የሚደርስልሽ አልነበረም። ብዙዎቻችን የምንታጠቀው፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ሳይፕረስ የተባለ መሣሪያና መሰሎቹ መጠባበቂያውን ራሳቸው የሚከፍቱት ሰውየው በዝቅተኛ ከፍታ ላይ እጅግ በፍጥነት ሲወድቅ ነው፤ ለባለ ልምድ በተሠራው ዓይነት በሰከንድ 35 ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ በ225 ሜትር ላይ ማለት ነው። ገመዱ የተጠማዘዘ ፓራሹት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚያወርድ መሣሪያው ላይነቃ ይችላል። መሣሪያው ይኑርሽ፤ የእጅሽን ሥራ ግን አትተዪለት።

ከአሠልጣኝ ጋር ታስሮ መዝለሉን አልቃወምም፤ የበሩን ነፋስና ፍጥነቱን መልሶ ያስለምድሻል። ጥያቄሽ ግን ስለ ራስሽ እጅ ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ የሚሠራው የሌላ ሰው እጅ ነው። ገንዘቡ ካለሽ ነፋስ ከታች ወደ ላይ እየነፈሰ ሰውን በሚያንሳፍፍበት የነፋስ ዋሻ ውስጥ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ብትከፍዪ ለሰውነት አቋምሽ የበለጠ ይጠቅምሻል፤ ከፍታ መከታተልንና ፓራሹት መንዳትን ግን እርሱም አያስተምርም። ከወለድሽ በኋላ ክብደትሽ ጨምሮ ከሆነም ሳትሸሽጊ ተናገሪና ዱሮ ከምትይዢው ሰፋ ያለ ፓራሹት ጠይቂ፤ 170 ካሬ ጫማ ከነበረ 210 ወይም ከዚያ በላይ ይሁንልሽ። የመጠባበቂያው ማሸጊያ ካርድ ላይ ያለውንም ቀን በዐይንሽ እዪ፤ በዚያ አገር ሕግ በ180 ቀን ውስጥ በባለሙያ የታጠፈ መሆን አለበት።

በነገራችን ላይ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ መሆንሽ ይረዳሻል። የምትዘዪበት ከፍታ ከመሬቱ 4,000 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከአቡዬ ሜዳ አናት ጋር የተቀራረበ ሲሆን፣ አንቺ የምትኖሪው 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የአየሩ መሳሳት ብዙ አይከብድሽም። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ስለ መዝለል ግን ከአገር ቤት ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፤ በእኛ ደጋ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ያው ፓራሹት 15 በመቶ ገደማ ፈጥኖ ይበራል፣ ፈጥኖም ያርፋል። ለተመላሽ ሰው የሚሆን ቦታ አይደለም።

ነርሷ ከዓለም ከተማ፦

እኅቴ፣ እኔ ዘልዬ ስለማላውቅ ስለ ዝላዩ አልናገርም። ነገር ግን መድኃኒት ቤት እንዳለሽ ሳነብ ደነገጥሁ። እባክሽ ድንጋጤን ለማብረድ ብለሽ ዳያዜፓምም ሆነ ሌላ የሚያረጋጋ ክኒን በዚያ ቀን አትቅመሺ፤ እጅን የሚያዘገይ ነገር መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሌሊቱን ሳትተኚ ካደርሽም ዝላዩን ለሌላ ቀን አስተላልፊው።

እኔ ብሆን ልጁ ከፍ እስኪል እቆይ ነበር፤ ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም፣ የሚሰማኝን ደብቄ ምክር መስጠት ስለማልወድ ነው። አንድ የሚያሳስበኝ ነገርም አለ፤ አውሮፕላኑ ላይ ከወጡ በኋላ አልዘልም ማለት ይቻላል? ወይስ ሰው ስላየ ብቻ መዝለል ግድ ይሆናል?

የመሐል ሜዳው ዘላይ፦

ይቻላል። ከአውሮፕላኑ ጋር ተመልሰው የሚወርዱ ሰዎች አሉ፤ እኔም በጤናዬ ምክንያት አንድ ጊዜ ወርጃለሁ፣ የጠየቀኝም ሰው አልነበረም። ይህን ከአሠልጣኝሽ ጋር ገና መሬት ላይ ሳለሽ ተነጋገሪበት፤ መመለስ እንደሚቻል አስቀድመው የተነጋገሩ ተማሪዎች በሩ ላይ አእምሯቸው ሰፋ ይላል።

የጠባሴዋ፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። በተለይ ነርሷ እኅቴ፣ ከክኒን ውጪ ያለውንም ስጋትሽን ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋግረንበታል። ልጄ አራት ዓመቱ ነው፤ ሐሳቤን አልቀየርሁም፣ ነገር ግን መጀመሪያ አስቤ የነበረውን አሥር ዝላይ ትቼ፣ ትምህርቱን ጨርሼ አሠልጣኙ ከፈቀደልኝ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ለማድረግ ተስማምተናል።

ስልኩንም ደውያለሁ። 43 ብዬ፣ ቀኑንም በእነርሱ አቆጣጠር ጁን 2018 ብዬ ስናገር ያነሣው ሰው ዝም ብሎ ጻፈና አንድ ሙሉ ቀን የመሬት ትምህርት፣ ከዚያም ከአሠልጣኝ ጋር ጎን ለጎን የሚደረግ ዝላይ ያስፈልግሻል አለኝ። ኪራዩ ባለ ሁለት እጀታ ዕቃ ነው። ሰደርያውን ሰፍቼዋለሁ፤ ቀዩ ጨርቅ ከልጄ አሮጌ ሹራብ የተቆረጠ ነው። የመጀመሪያው ቀን ባለቤቴ 2,400 ሲያሳየኝ እግሬን ማንቀሳቀስ ጀምሬ ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ግን ወረቀቱን እንዳየሁ እጄ ቀዩ ላይ ነበር።

ጋሼ፣ ጧት ጧት ፍራሹ ላይ መውደቁን እርስዎ እንዳሉኝ እየሠራሁ ነው፤ በቀኝ በኩል ደህና ነኝ፣ በግራ ስወድቅ ግን ጉልበቶቼ የሚለያዩ ይመስለኛል፣ ራሴን ማየት ስለማልችል እርግጠኛ አይደለሁም። ቅዳሜ ለሥራ ወደ ደብረ ሲና እወርዳለሁ። ጊዜ ካለዎትና ካላስቸገርሁዎ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመው ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

አየር ወለዱ ከደብረ ሲና፦

ነዪ ልጄ። ፍራሽ አለኝ፤ አንቺ ሱሪና ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ አድርገሽ ነዪ።