አስቸኳይ፦ የካሜራዬ ሰዓት ወደ ጃንዋሪ 1 ተመልሷል፣ የ7 ሳምንት ፎቶ ላጣ ነው?

ገንዳ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ የሚመልስልኝ ካለ፣ አሁን ገንዳው ጋ ቆሜ ነው የምጽፈው። እንስሳ ሲያልፍ በራሱ የሚያነሳው ካሜራዬ ቀኑ ተበላሽቷል። ዛሬ ጠዋት ያነሳውን እንኳ ጃንዋሪ 19 ይለዋል! ካሜራውን የተከልኩት የቤተሰቤ ከብቶች ከዚህ ሜዳ ሲወጡ ሚዳቋዎቹ በስንተኛው ቀን ወደ ውሃው እንደሚመለሱ ለማወቅ ነው። ቀን ከሌለው ምን ዋጋ አለው? ሙቀቱ ያበላሸው ይመስለኛል። አጥፍቼ ሰዓቱን ላስተካክለው ወይስ እንዳለ ይዤው ልሂድ? የባትሪው ምልክት እየበራ እየጠፋ ነው።

አረንጓዴ ደብተር፦
ሰዓቱን አስተካክዪና ቀጥዪ። ያለፈው አልፏል። ከአሁን በኋላ ካርዱን በየሳምንቱ እዪው።

ማገር፦
ልጄ፣ ከሰዓቱ በፊት ስለ ጥናቱ እንነጋገር። ገንዳ ላይ የተተከለ ካሜራ የሚያሳይሽ ለመጠጣት የመጣውን ብቻ ነው። ዝናብ ዘንቦ በየጉድጓዱ ውሃ ካለ ሚዳቋው ሜዳው ላይ ሆኖም ገንዳሽ ዘንድ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ዝናብ የጣለበትን ቀን ትመዘግቢያለሽ ወይ? ደግሞ 40 ፎቶ 40 ሚዳቋ አይደለም። አንዷ ቆማ ስትጠጣ 15 ጊዜ ልትነሳ ትችላለች። ብዙ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት እንስሳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ሲታይ እንደ አንድ ጉብኝት ነው የሚቆጥሩት። ድምሩንም ካሜራው በሠራባቸው ሌሊቶች ቁጥር ማካፈል አለብሽ። አለበለዚያ የ10 ሌሊቱን ከ30 ሌሊቱ ጋር እያወዳደርሽ ነው። ከተቻለም ከብት የማይደርስበት ሁለተኛ የውሃ ቦታ ላይ...

ገንዳ ዳር፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ ዝናቡን እየጻፍኩ ነው። የቀረውን ማታ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። አሁን ግን ባትሪው እያለቀብኝ ነው።

ኮምፓስ፦
እንዳትነኪው! ሰዓቱንም እንዳታስተካክዪ፣ ባትሪውንም እንዳታወጪ። አሁን የሚያድንሽ ያ የተሳሳተው ሰዓት ነው። ወረቀት ፈልጊና የዛሬውን ትክክለኛ ቀንና ሰዓት ከስልክሽ አይተሽ በትልልቁ ጻፊ። ከዚያ ካሜራው ፊት ይዘሽው ቁሚ፣ ያንሳሽ። በጣም አትጠጊ፣ ይደበዝዛል፤ ወደ 2 ሜትር ራቅ በዪ። በዚያ አንድ ፎቶ ላይ እውነተኛው ሰዓትም የተሳሳተው ሰዓትም አብረው ይገኛሉ። የሁለቱ ልዩነት ሰዓቱ ከተበላሸ ወዲህ ላሉት ፎቶዎች በሙሉ ያው ነው። ቤት ስትገቢ መጀመሪያ ካርዱን እንዳለ ገልብጪና አስቀምጪው። ከዚያ በቅጂው ላይ ኤግዚፍቱል በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ቀኑን በአንዴ ወደፊት ትገፊዋለሽ። ፎቶው ግርጌ ላይ የታተመው ቀን አይቀየርም፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ነው የሚቀየረው። እንዳያደናግርሽ።

አረንጓዴ ደብተር፦
እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው፣ ሰዓቱን አስተካክዪ።

ኮምፓስ፦
አይደለም ወንድሜ። ፎቶው ሳይነሳ ካስተካከለችው ልዩነቱን በምን ታውቀዋለች? መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ማስተካከል።

የማለዳ ወፍ፦
ይቅርታ፣ በሙቀቱ ነገር አልስማማም። ሙቀት ሰዓትን ወደ ጃንዋሪ 1 ሲመልስ አላየሁም። ባትሪ ወጥቶ ሲገባ ግን ብዙ ካሜራዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ማን ነካው? ሙቀቱ የሚጎዳሽ በሌላ በኩል ነው። ካሜራው የሚነቃው የሚንቀሳቀሰው ነገር ሙቀት ከጀርባው ሙቀት ሲለይ ነው። ቀትር ላይ መሬቱም ድንጋዩም እንደ እንስሳው ገላ ሲግል ልዩነቱ ይጠብና እንስሳው ሳይነሳ ያልፋል። ስለዚህ ቀትር ላይ ባዶ ስለሆነ ብቻ «አልመጡም» ብለሽ አትጻፊ።

ገንዳ ዳር፦
ወይ ጉድ! ታናሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ባትሪ ቀይሮልኛል፣ ሊያግዘኝ ብሎ። ሰዓት መሙላት እንዳለበት ማንም አልነገረውም። ቀኑን አያስታውስም፣ ግን ከብቶቹ ወደ ታችኛው ሜዳ የተነዱ ዕለት ነው ይላል። ደብተሬን ሳየው ያ ልክ የዛሬ 18 ቀን ነው! ወረቀቱን ይዤ ተነስቻለሁ፣ ለጥንቃቄ 3 ጊዜ።

ኮምፓስ፦
ጎበዝ። እንግዲያው ሁለት ክፍል ነው ያለሽ። ከባትሪው ቅያሬ በፊት ያለውን ፈጽሞ አትንኪው፣ ሰዓቱ ልክ ነው። ወደፊት የሚገፋው ሁለተኛው ክፍል ብቻ ነው። የት ላይ እንደሚለያዩ በፋይሎቹ ተራ ቁጥር ታገኚዋለሽ። አሮጌው ባትሪ ከመቀየሩ በፊት ሞቶ ከነበረ ደግሞ መሃል ላይ ክፍተት አለ። እነዚያን ሌሊቶች «ሚዳቋ የለም» ብለሽ እንዳትቆጥሪ፣ «ካሜራው አልሠራም» ብለሽ መዝግቢ።

የማለዳ ወፍ፦
ማረጋገጫም አለው። ካሜራው ሌሊት ጥቁርና ነጭ፣ ቀን በቀለም ነው የሚያነሳው አይደል? የተስተካከለው ሰዓት እውነት ከሆነ ወደ ቀለም የሚቀየርበት ሰዓት ከንጋቱ ጋር መግጠም አለበት። ያ ሰዓቱን ነው፤ ቀኑን ደግሞ ጨረቃ ከሰማዩ ጋር የተነሳችበት ፎቶ ካለሽ ሙሉነቷን አይተሽ ታመሳክሪያለሽ።

ሜዳ ላይ፦
በ18 ቀን ባትሪ ማለቁ አልገረማችሁም? ካሜራው ፊት ሣር አለ?

ገንዳ ዳር፦
አለ፣ እስከ ጉልበቴ። ካርዱን ሳገላብጠው አብዛኛው የሚወዛወዝ ሣር ነው።

ሜዳ ላይ፦
በቃ እሱ ነው የጨረሰው። ፀሐይ ያሞቀው ሣር በነፋስ ሲወዛወዝ ካሜራው እንስሳ ይመስለዋል። ከፊቱ ያለውን እጨጂው። ሌንሱም ወደ ፀሐይ መውጫና መግቢያ አይዙር፣ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይሁን።

አዲስ ገቢ፦
ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። እኔም አይናቹራሊስት ላይ (ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅዋት የሚያጋሩበት ድረ ገጽ) ልጭን የማስባቸው እንዲህ ቀናቸው የተሳሳተ ፎቶዎች አሉኝ። ልጫናቸው?

ኮምፓስ፦
ቀኑን አርመሽ ከሆነ አዎ፣ እንዴት እንዳረምሽውም ማስታወሻው ላይ ጻፊ። እዚያ አንድ ምልከታ ለምርምር ደረጃ እንዲበቃ ቀን፣ ቦታ፣ ፎቶ ወይም ድምፅ፣ በላዩም የሌሎች ስምምነት ያስፈልገዋል። ቀኑን በግምት ከምትሞዪ ባትጭኚው ይሻላል።

ማገር፦
ልጄ ገንዳ ዳር፣ በወንድምሽ እንዳትቆጪ። በራሱ አስቦ ባትሪ የሚቀይር ልጅ ያለው ጥናት ዕድለኛ ነው። ስሙን ደብተርሽ ላይ አስፍሪለት፣ ሰዓት መሙላትም አሳዪው። ባትሪ በተነካ ቁጥር ወረቀት ይዞ ይነሳ።

ገንዳ ዳር፦
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ሁላችሁንም። ነገ እሱ ራሱ ሣሩን ያጭዳል። አሁን ካርዱን ይዤ ወደ ቤት እየሄድኩ ነው፣ የወጣውን ማታ እጽፍላችኋለሁ።

የማለዳ ወፍ፦
ገንዳ ዳር፣ ሳምንት ሆነሽ እኮ። ክፍተቱ የስንት ሌሊት ሆኖ ተገኘ?

ሜዳ ላይ፦
እኔም እየጠበቅኩ ነው። ሚዳቋዎቹ በስንተኛው ቀን ተመለሱ?