የእጅ መታጠቢያ በርሜልና ቢምቢ፦ ለኮሮና ብለን ሌላ በሽታ እንዳንጠራ

ለገሃሬ ግቢ
ሐምሌ 2012፣ ድሬዳዋ (ከየመልእክቱ በላይ ያለው የጻፊው መጠሪያ ነው)

ሰላም ድሬዎች። ግቢያችን ስድስት አባወራ፣ ወደ 30 ሰው ይኖርበታል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የምንሻገረው በሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜልና በጄሪካን ነው። አሁን ለኮሮና ተብሎ በሩ ላይ ሦስተኛ በርሜል ለእጅ መታጠቢያ ሊቆም ነው። አምና ነሐሴ ላይ ከተማውን አልጋ ላይ ያዋለው ቺኩንጉንያ ግን ከተቀመጠ ውሃ በሚፈላ ቢምቢ ነው ተብሎ ነበር። ታዲያ ሌላ በርሜል ማቆም ለቢምቢ ቤት መሥራት አይሆንም? በረኪና ቢጨመርበትስ? ሌላም አለ፦ ሁለት ጎረቤቶች ትኩሳት ይዟቸው «ጤና ጣቢያ ብንሄድ ለይቶ ማቆያ ያስገቡናል» ብለው ቤት ተኝተዋል። ኮሮና ይሁን፣ ወባ ይሁን፣ የአምናው ይሁን በምን ይለያል? የምታውቁ አስረዱን አቦ።

ነጭ በርሜል

መጀመሪያ ስለ በርሜሉ። የአምናዋ ቢምቢ ኤደስ ኤጂፕቲ ትባላለች። ጥቁር ናት፣ እግሯ ላይ ነጫጭ ቀለበት አለ፣ የምትናከሰውም ቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና ከአሥር ሰዓት በኋላ። የቦይ ቆሻሻ አይስባትም፣ የምትመርጠው የእናንተን ንጹሕ ውሃ ነው። በ2006 ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ ያዛመተችውም እሷው ናት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እርጥብ በሆነው የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው። የተፈጨ ቡና ብናኝ ይመስላል። በርሜሉ ቢደርቅ እንኳ እንቁላሉ ወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲደርስበት ይፈለፈላል። «በየሳምንቱ እንደፋለን፣ ቢምቢው ግን አልጠፋም» የሚሉት የደፉት ውሃውን ብቻ ስለሆነ ነው። በድሬ ሙቀት ከእንቁላል እስከሚበር ቢምቢ ሳምንት ገደማ ይበቃል። ስለዚህ በየአምስት ቀኑ እጠቡ፣ ሰባተኛው ቀን እንዳያልፋችሁ።

ውሃ ማባከን አያስፈልግም። ፈረቃው ሊደርስ ሲል፣ በርሜሉ ሲጎድል፣ የቀረውን በነጠላ አጥልላችሁ ወደ ጄሪካን ገልብጡት። ከዚያ ከአፉ እስከ ታች በሻካራ ብሩሽና በሳሙና ፈትጉ፤ ውሃው ብዙ ጊዜ የሚቆምበትን ቀለበት ደግማችሁ ፈትጉት። እጣቢውን ደረቅ አፈር ላይ ድፉት። ጄሪካን ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ አያሳስብም። የበርሜል ክዳን ግን በፀሐይ ይጣመማል፣ ቢምቢ ደግሞ በትንሽ ክፍተት ትገባለች። ስለዚህ ከክዳኑ ሥር ስስ ጨርቅ ወጥራችሁ ዙሪያውን በብስክሌት ጎማ ላስቲክ እሰሩት።

ለማየት የስልክ ባትሪ አብሩና ውሃው ላይ አድርጉ። እጭ (ከእንቁላሉ የወጣው ትል) ካለ እየተወናጨፈ ወደ ታች ይወርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ለመተንፈስ ይወጣል። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የኤደስ ወይም የተራዋ ቢምቢ ነው። ከውሃው ገጽ ጋር ተስተካክሎ የሚተኛው ግን የወባ ነው። «ወባ በርሜል ውስጥ አይፈላም» የሚባለው ድሮ ቀረ፤ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባለው የእስያ ቢምቢ በአገራችን መጀመሪያ ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች፣ አሁን ድሬም አለች፤ በሮቶና በበርሜል በደንብ ትፈላለች።

በረኪናውን ተዉት። ለመጠጥ በሚጨመረው መጠን እጩን አይገድለውም፣ እጩን በሚገድለው መጠን ደግሞ ውሃው አይጠጣም። ለእጭ የተሠራው አቤት የሚባለው ኬሚካል ነው። 1 ፐርሰንት የሆነው አሸዋማው ዓይነት ለ200 ሊትር 20 ግራም ነው የሚገባው፣ የሚታደለውም በጤና ባለሙያ ነው። ከገበያ የማይታወቅ ዱቄት ገዝታችሁ እንዳትጨምሩ።

ቧንቧው

መታጠቢያውን በተመለከተ ሦስተኛ በርሜል ባታቆሙ ይሻላል። በ20 ሊትር ባለ ቧንቧ ባልዲ አድርጉት። ሒሳቡ ይኸው፦ 30 ሰው በቀን 5 ጊዜ፣ በአንዱ መታጠብ ግማሽ ሊትር ቢሄድ 75 ሊትር ነው። ባልዲው በቀን አራት ጊዜ ይሞላል፣ ማታ ባዶውን ይገለበጣል። ውሃ ካላደረበት ቢምቢ የምታድግበት ጊዜ የለም። በርሜል ግን ላዩ ሲሞላ ታቹ ሳምንት ይቀመጣል።

ቧንቧውን ከባልዲው መቀመጫ አራት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ብሱ፣ አለዚያ ዝቃጩ ይደፍነዋል። ከውስጥም ከውጭም የላስቲክ ቀለበት ያስፈልገዋል። አንዱን ብቻ ያደረገ ሲንጠባጠብ ይውላል፣ ከሥሩም ረግረግ ይሠራል። ለእጣቢው 60 ሳንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍሩና ጠጠር ሙሉበት። የእጣቢ ባልዲ የምታስቀምጡ ከሆነ በየማታው ይደፋ።

አንድ የድሬ ጣጣ አለ። ውሃችን ኖራ ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። በዚህ ምክንያት ሳሙና ቶሎ አረፋ አያወጣም፣ ሰውም «ታጠብኩ» ብሎ ሳይታጠብ ይሄዳል። እጁን አርጥቦ ቧንቧውን ይዝጋ፣ ሳሙናውን 20 ሰከንድ ይሽ፣ ከዚያ ያለቅልቅ። ውሃ የሚያልቀው ሳሙና ሲታሽ ቧንቧው ክፍት ስለሚተው ነው። ያው ኖራ ከወር በኋላ የቧንቧውን አፍ ያጠበዋል። ፈትታችሁ በሎሚ ጭማቂ ወይም በአቼቶ አሳድሩት፣ ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ግን አደራ፣ አቼቶና ሎሚ ከበረኪና ጋር እንዳይገናኙ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ቀፊራ ማዶ

ይኼ ሁሉ ከሚሆን ቀበሌው በየሳምንቱ መንገዱን በክሎሪን ቢያስረጭ አይሻልም? ኮሮናውም ቢምቢውም ባንዴ ይሞታል።

ነጭ በርሜል

አይሞትም። ክሎሪን አቧራና አፈር ላይ ሲያርፍ ጉልበቱን ያጣል። ኮሮና በዋናነት የሚተላለፈው ከሰው ትንፋሽ ስለሆነ የዓለም ጤና ድርጅትም የመንገድ ርጭትን አይመክርም። ሰው ላይ መርጨትማ ጉዳት ብቻ ነው፣ ዓይንና ቆዳ ያቆስላል። ለቢምቢ የሚደረገው የጭስ ርጭት ሌላ ኬሚካል ነው፤ እሱም የሚበረውን ብቻ ይገድላል፣ በርሜል ውስጥ ያለው በሳምንቱ ይተካዋል።

በረኪና ቦታው የበር እጀታ፣ የቧንቧ እጀታና ሽንት ቤት ነው። 5 ፐርሰንት የሚል ከሆነ 1 ኩባያ በ49 ኩባያ ውሃ። ለአንድ ሊትር ሲሆን 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በሃይላንድ ክዳን ከመገመት በሲሪንጅ ለኩት። መጀመሪያ ቆሻሻውን በሳሙና አጥቡ፣ ከዚያ ቀቡትና አሥር ደቂቃ ተዉት። ዛሬ የበጠበጣችሁትን ለነገ አታሳድሩ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ፌስታልም ሆነ ጠርሙስ በረኪናው ሽታ እንጂ ኃይል አይኖረውም። ቀፊራም ሆነ ሌላ ገበያ ስትገዙ ከጥላ ውስጥ የተቀመጠውን ምረጡ።

ላብ 15

ወደ ትኩሳቱ ልምጣ፣ እኔ የምፈራው እሱን ነው። በስሜት መለየት አይቻልም። የሚጠቁሙ ነገሮች አሉ፦ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሽታና ጣዕም መጥፋት ወደ ኮሮና ያዘነብላል። የሁለቱም እጅ አንጓና ቁርጭምጭሚት አብሮ ሲያብጥና መቆም ሲያቅት ቺኩንጉንያ ይጠረጠራል። ከዓይን ጀርባ የሚያም ከሆነ ዴንጊ። ብርድ ብርድ ብሎ፣ አተኩሶ፣ አልቦ የሚተው ደግሞ ወባ። ግን አራቱም መጀመሪያ ላይ ራስ ምታትና ቁርጥማት ናቸው፤ ወባና ኮሮና አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

ስለዚህ ተኝተው አይጠብቁ። የወባ የጣት ደም ምርመራ ውጤቱ በ20 ደቂቃ ይደርሳል። ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት በአንድ ሁለት ቀን አንጎል ድረስ ሊሄድ ይችላል፣ ለይቶ ማቆያ ከዚያ በላይ አያስፈራም። መጀመሪያ 8335 ወይም 952 ደውለው ምልክቱን ይናገሩ፤ ሲሄዱ ማስክ አድርገው፣ የባጃጁን መጋረጃ ከፍተው፣ ከተቻለ ሌላ ተሳፋሪ ሳይጭን። በሩ ላይ «ትኩሳት አለኝ» ማለት አያሳፍርም፣ ወረፋውን ይለዩላችኋል። ወባ ከሆነና ኳርተም ከተሰጣቸው በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ነው የሚዋጠው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ቆይቶ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር። በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ማቆም በሽታውን መልሶ ይጠራዋል።

ሐኪም እስኪያዩ ፓራሲታሞል ብቻ። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ አይለፍ፤ ጉበት የታመመ ደግሞ ከዚያ በታች። ዲክሎ መርፌ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን የለም። ዴንጊ ከሆነ ደም ያፈሳሉ። ትኩሳቱ ሲወርድ ሆድ በኃይል ከታመመ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ድድ ከደማ ወይም ሰውየው ከተቁነጠነጠ ያኔ ነው አደጋው፣ በዚያው ሰዓት ድል ጮራም ሆነ ሳቢያን ሆስፒታል ይወሰድ። የታመመው ሰው ቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ። የመጀመሪያውን ሳምንት ቢምቢ ከእሱ የቺኩንጉንያ ወይም የዴንጊ ቫይረስ ጠጥታ ለግቢው ታድላለች። መስኮቱ ይከፈት፣ አስታማሚ አንድ ሰው ይሁን፣ ያውም ማስክ ያለው።

ለገሃሬ ግቢ

ተባረኩ። ባልዲውን እናደርገዋለን፣ ለጎረቤቶቹም ደወልን። አንደኛዋ የ12 ኪሎ ልጅም አላት፣ እሱም ትንሽ ተኩሷል። የፓራሲታሞል ሽሮፑ ላይ 120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር ይላል። ስንት ይሰጠው?

ላብ 15

በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። ለ12 ኪሎ ከ120 እስከ 180 ይሆናል፣ በዚያ ሽሮፕ ከ5 እስከ 7.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ አይለፍ። በሻይ ማንኪያ አትለኩ፣ የቤት ማንኪያ ይለያያል፤ መርፌው የወጣ ባለ 10 ሲሪንጅ ከፋርማሲ ይገዛ። ሌላ ጊዜ ሽሮፕ ስትቀይሩ ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡ፣ 250 በ5 የሚል አለ፣ እሱ በግማሽ ነው የሚሰጠው። ልጁም ከእናቱ ጋር ሄዶ የጣት ደም ይስጥ።