የማቴዎስ የስም ዝርዝር የኪዳኑ ደረሰኝ ነው?

ብራና፦ ማቴዎስ ወንጌሉን የሚጀምረው በኢየሱስ የዘር ሐረግ፣ በስም ዝርዝር ነው። አብዛኞቻችን ዘለን ወደ ልደቱ ታሪክ እንሄዳለን። እኔ ግን ዝርዝሩ የኪዳኑ ደረሰኝ ነው ባይ ነኝ። አብርሃም በዘሩ አሕዛብ ሁሉ እንደሚባረኩ ተነግሮታል (ዘፍ. 22፥18)። ዳዊትም ዙፋኑ ለዘላለም እንደሚጸና (2 ሳሙ. 7)። ዝርዝሩ ባይኖር ቃሉ መፈጸሙን በምን እናውቃለን?

ቀንዲል፦ ደረሰኝ ከሆነማ ሒሳቡ መግጠም አለበት። ማቴዎስ ሦስት ጊዜ 14 ትውልድ ይላል፤ ከአብርሃም እስከ ዳዊት፣ ከዳዊት እስከ ባቢሎን ምርኮ፣ ከምርኮ እስከ ክርስቶስ። እስቲ የመጨረሻውን ክፍል ቁጠረው። በምርኮ የተወሰደውን ንጉሥ ኢኮንያንን ሁለተኛው ላይ ከቆጠርከው የሚቀርህ 13 ነው። ከኢዮራም ቀጥሎ ደግሞ ሦስት ነገሥታት ተዘለዋል፤ አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ። 1 ዜና መዋዕል 3 ላይ ግን አሉ። ሉቃስ ጋ ስትሄድ የዮሴፍ አባት ኤሊ ነው፣ ማቴዎስ ጋ ያዕቆብ። ማቴዎስ በሰሎሞን ይወርዳል፣ ሉቃስ በሌላው የዳዊት ልጅ በናታን። ይህን ደረሰኝ ይዘህ ሒሳብ ክፍል ብትሄድ ይመልሱሃል።

ብራና፦ የሉቃሱ የማርያም ሐረግ ነው የሚሉ አሉ። ክርስቲያኑ ጸሐፊ ዩልዮስ አፍሪካኖስም በ3ኛው ክፍለ ዘመን በዋርሳ ሕግ (ልጅ ሳይወልድ ለሞተ ሰው ወንድሙ ሚስቱን አግብቶ ዘር የሚተካበት) አስታርቋቸዋል። አንዱ የሥጋ አባት፣ አንዱ የሕግ አባት።

ቀንዲል፦ ሉቃስ ራሱ ሁለቱንም አላለም።

ጠጠር፦ ወንድሞች፣ ቆጠራው ላይ ተጣበቃችሁ እኮ! በዕብራይስጥ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ የዳዊት ስም 4፣ 6 እና 4 ነው፤ ድምሩ 14። ማቴዎስ «ዳዊት፣ ዳዊት» እያለ ይመስለኛል። ይልቅ ሴቶቹን እዩ። ሣራ የለችም። ርብቃም የለችም። ከማርያም በፊት ያሉት ትዕማር፣ ረዓብ፣ ሩት እና የኦርዮ ሚስት ናቸው። ሩት ሞዓባዊት ናት። ዘዳግም 23፥3 ሞዓባዊ እስከ አሥር ትውልድ ወደ ጉባኤ አይግባ ይላል። የእሷ መጽሐፍ ግን የሚያልቀው በምንድን ነው? በትውልድ ሐረግ! ከፋሬስ እስከ ዳዊት ልክ 10 ስም። ነገሩ የደም ብቻ ቢሆን ኪዳኑ እዚያ ላይ በተበጠሰ ነበር።

ብራና፦ እህቴ፣ ይሄ ገብቶኛል። ሐረግ ግን ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም። ከምርኮ ከተመለሱት ካህናት አንዳንዶቹ ስማቸው በትውልድ መዝገብ ስላልተገኘ ከክህነት ተከልክለዋል (ዕዝ. 2፥62)። መዝገብ ያኔ ቀልድ አልነበረም።

ቀንዲል፦ እሺ፣ ኢኮንያንስ? ኤርምያስ 22፥30 ከዘሩ በዳዊት ዙፋን የሚቀመጥ አይኖርም ይላል። ማቴዎስ ሐረጉን ያወረደው በዚሁ ሰው በኩል ነው። መረጃ የሚያሰናዳ ሰው እንዲህ ያለውን ስም ይደብቅ ነበር።

ጠጠር፦ እዚያው ኤርምያስ 22 ላይ ትንሽ ከፍ በል። ኢኮንያን የእግዚአብሔር የቀኝ እጅ ማኅተም ቢሆን እንኳ ተነቅሎ እንደሚጣል ተነግሮታል። ከምርኮ በኋላ ሐጌ ምን አለ? የልጅ ልጁን ዘሩባቤልን እግዚአብሔር እንደ ቀለበት ማኅተም ያደርገዋል (2፥23)። ያችው ቀለበት ተመለሰች! እኔ ማቴዎስ ስሙን ያልደበቀው ለዚህ ነው እላለሁ።

ብራና፦ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። «ደረሰኝ» ያልኩትን ለጊዜው ልሳበው።

ታዛቢ፦ እስማኤልን ረሳችሁት። ዘፍጥረት 17 ኪዳኑ ከይስሐቅ ጋር ነው ይላል። እዚያው ግን እስማኤል 12 አለቆች እንደሚወልድ ቃል ተገባ። ምዕራፍ 25 ላይ በስም ተዘርዝረዋል። ስለዚህ ዝርዝር ያለው ሁሉ የኪዳን መስመር አይደለም።

ቀንዲል፦ 12 ተባለ፣ 12 ተቆጠረ። ብራና፣ ደረሰኝህ ተገኘ፤ ግን የእስማኤል ነው።