ለትንሽ አፓርታማ የቱ ቦይለር ይሻላል?

አሮጌ ቦይለር ለመቀየር ያሰበ ሰው ሱቅ ከመሄዱ በፊት የቤቱን ብሬከር ሳጥን ይክፈት። መታጠቢያ ቤቱ ለብቻው ብሬከር አለው? ስንት አምፔር ይላል? ሽቦውስ ምን ያህል ይወፍራል? ምን መግዛት እንደምትችሉ በአብዛኛው የሚወስነው ይሄ ነው።

ታንከር የሌለው፣ ውሃውን እያሳለፈ የሚያሞቀው ኢንስታንት ለጠባብ ቤት የተፈጠረ ይመስላል። ቦታ አይዝም። ማንም ቀድሟችሁ ገብቶ ሙቅ ውሃ አይጨርስባችሁም። ጣጣው ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። በደቂቃ አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 70 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። በደቂቃ 5 ሊትር በ20 ዲግሪ ይሙቅልኝ ካላችሁ 7 ኪሎዋት ሆነ ማለት ነው፤ በ230 ቮልት 30 አምፔር ይስባል። ለሶኬት ተብሎ የተዘረጋ ሽቦ ይህን አይችልም፣ ይግላል፣ ሽፋኑም ይቀልጣል። አነስ ያለው ባለ 3.5 ኪሎዋት ደግሞ በዚያው ሙቀት በደቂቃ የሚሰጣችሁ 2.5 ሊትር ነው። እጅ ለመታጠብ ጥሩ ነው፣ ለሻወር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የውሃ ግፊት ሲደክም ደግሞ ብዙዎቹ ጭራሽ አይነሱም።

አንድ ወይም ሁለት ሰው ለሚኖርበት ቤት እኔ የምጠቁመው 50 ሊትር የሚይዝ ባለ ታንከር ነው። 1.5 ኪሎዋት ይበቃዋል፤ 15 ዲግሪ የነበረውን ውሃ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 60 ያደርሰዋል። ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ 40 ዲግሪ ሲሆን ወደ 80 ሊትር ይሆናል። በደቂቃ 8 ሊትር ለሚያፈስ ሻወር አሥር ደቂቃ ያህል ማለት ነው። ረጅም ፀጉር የሚታጠብ ካለ ሌላው ተራ ይጠብቅ እንጂ። 80 ሊትሩ ይሻላል የሚሉ አሉ፣ ግን ሲሞላ ከአንድ ኩንታል ጋር ይቀራረባል። ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ላይ በተራ ፊሸር አይሰቀልም። ቦታ ጠበበኝ ብላችሁ ለቁም የተሠራውን አጋድሙልኝ እንዳትሉ። ለአግድም የሚሆን ከፈለጋችሁ ለዚያው የተሠራ ግዙ።

ስትመርጡ ዲጂታል ስክሪኑ አያማልላችሁ። ታንከሩ ውስጥ አኖድ የሚባል የማግኒዥየም ዘንግ አለ። ሥራው በታንከሩ ፋንታ በዝገት መበላት ነው። አሮጌውን የሚፈታው ባለሙያ አውጥቶ ያሳያችሁ፤ ጣት ያህል ይወፍር የነበረው ዘንግ አልቆ መሃሉ ያለችው ሽቦ ብቻ ቀርታ ልታገኟት ትችላላችሁ። እሱ ካለቀ በኋላ ዝገቱ ወደ ታንከሩ ይዞራል። ስለዚህ አኖዱ በቀላሉ የሚወጣና መለወጫው የሚገኝ ቦይለር ምረጡ፣ በየሁለት ዓመቱም አስከፍታችሁ እዩት።

ጋዝ? ጭሱን ወደ ውጭ የማያስወጣ የጋዝ ማሞቂያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይገባም። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም። ከአየር ሙቀት ስቦ ውሃ የሚያሞቀው ሂት ፓምፕ መብራት በጣም ይቆጥባል፣ ግን አየር የሚስብበት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ድምፅም አለው። ለስቱዲዮ ይቅርባችሁ።

ስለ ገጣሚውስ? ሱቁ የሚልከው ሰው ይፈጥናል፣ ዋስትናውንም አብሮ ይይዝላችኋል። ቧንቧ የሚያውቅ ሁሉ ግን ኤሌክትሪክ አያውቅም። መስመሩ ያረጀ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ለብቻው አስመጡ። ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) አለው ወይ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያስ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁት። "ቆይ እናየዋለን" ካለ ሌላ ፈልጉ።

ትርፍ ግፊት የሚያስወጣውን ሴፍቲ ቫልቭ በክዳን ሊዘጋ የሚሞክር ገጣሚ ካያችሁ እዚያው አስቁሙት። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 50 ሊትሩ 60 ዲግሪ እስኪደርስ አንድ ሊትር የማይሞላ ትርፍ ይኖረዋል። መውጫ ካጣ ታንከሩን ያስጨንቀዋል። ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቱ ጤና ነው፤ ቀጭን ቱቦ ይቀጠልለትና ወደ ፍሳሹ ይውረድ። ቀን ከሌት ካንጠባጠበ ግን ወይ ቫልቩ አርጅቷል፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል።

ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) 60 ዲግሪ ላይ ይሁን። መብራት ለመቆጠብ 40 ላይ የሚተው አለ፣ የሳንባ ምች ለሚያመጣው ሌጂዮኔላ ባክቴሪያ የሚመቸው ግን እንዲህ ያለው ለብ ያለ ውሃ ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ማቀላቀያ ቫልቭ ያስገባ፣ 60 ዲግሪ በሴኮንዶች ውስጥ ያቃጥላል።

ተገጥሞ ሲያልቅ ማብሪያውን ለመጫን አትቸኩሉ። የሙቁን ቧንቧ ክፈቱት። አየሩ እየተነፈሰ ይወጣል፣ ውሃው እየተቆራረጠ ይመጣል። ሳይቋረጥ መውረድ ሲጀምር ያኔ አብሩት፤ ባዶ ታንከር ላይ የበራ ማሞቂያ ኤለመንት በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል፣ ዋስትናውም ይህን አይሸፍንም።