ኮምፒውተሬ አፕዴት ከሆነ ወዲህ የቪዲዮ ጥሪ ይቆራረጣል፤ ምን ላድርግ?

የማታ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ማታ በቪዲዮ ጥሪ አስተምራለሁ። ላፕቶፔ ትልቁን አፕዴት ከጫነ ወዲህ ግን ተማሪዎቼ ምስልሽ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ ድምፅሽም ይዘገያል ይሉኛል። እኔ እነሱን በደንብ እሰማቸዋለሁ። የኢንተርኔቱን ፍጥነት ስለካው ጥሩ ነው፤ ስልኬም በዚያው ዋይፋይ ያለችግር ይደውላል። ፎርማት አስደርጊው የሚሉኝ አሉ። ከዚያ በፊት የሚሞከር ነገር ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ተማሪዎቼ እየተጉላሉብኝ ነው።

ፈታሹ፦
ፎርማቱን ለጊዜው ተዪው እህቴ። ስልክሽ በዚያው ዋይፋይ ደህና ከሠራ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ጣጣው ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው። አሁን መለየት ያለብን ማሽኑ ነው የደከመው ወይስ ኔትወርኩ ነው የተጨናነቀው የሚለውን ነው። ዊንዶውስ ከሆነ ጥሪ ላይ እያለሽ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነሽ ታስክ ማኔጀርን ክፈቺ። ሲፒዩው (ዋናው የማሽኑ አስሊ) 100% አካባቢ ከተሰቀለ የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ ማለትም ምስል የሚሠራውን ክፍል ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ጠርጥሪ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካየሽ ትክክለኛው ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው፤ የቪዲዮው ሥራ ሁሉ ሲፒዩው ላይ ወድቋል። ትክክለኛውን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አውርጂ።

የማታ መምህርት፦
አመሰግናለሁ። ሲፒዩው ከ30% አልዘለለም፣ ግራፊክሱም የራሱ ስም አለው። የገረመኝ ግን ኔትወርክ የሚለው ጋ «ሴንድ» ጥሪ ሳልጀምርም ከፍ ብሎ ይታያል።

ገመዱ፦
በቃ፣ ፍንጩ እሱ ነው! ፍጥነት ስንለካ አብዛኞቻችን ዳውንሎዱን ብቻ አይተን እንዘጋዋለን። ተማሪዎችሽ ጋ የሚደርሰው ምስልና ድምፅ ግን የሚሄደው በአፕሎዱ ነው፤ አንቺ እየሰማሻቸው እነሱ የሚቸገሩትም ለዚህ ነው። ለምሳሌ ዙም ለሁለት ሰው የ720ፒ (ጥራቱ ከፍ ያለ ምስል) ጥሪ በሁለቱም አቅጣጫ 1.2 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል፤ ለቡድን ጥሪ ደግሞ አፕሎዱ ወደ 2.6 ይጠጋል። ሌላ ፕሮግራም አፕሎዱን ከሞላው የአንቺ ድምፅ ራውተሩ ጋ ወረፋ ይይዛል።

ሁለት ቦታ እዪ። አንደኛ፣ ሰቲንግስ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን። ይሄ ያወረድሽውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች መልሶ ሊልክ ይችላል፤ ከሌሎች ኮምፒውተሮች ማውረድ የሚፈቅደውን ማብሪያ አጥፊው። ሁለተኛ፣ ፋይል ወደ ክላውድ የሚልክ ፕሮግራም ካለሽ በትምህርት ሰዓት ፖዝ አድርጊው። የትኛው እንደሚልክ ለማወቅ ሪሶርስ ሞኒተርን ከፍተሽ ኔትወርክ የሚለውን ተመልከቺ፤ በስም ያወጣዋል።

ፈጣኑ፦
እኔ ተመሳሳይ ችግር ሲገጥመኝ ፋየርዎሉን አጥፍቼው ተገላገልኩ። እሱንም ሞክሪው።

ፈታሹ፦
ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ይሄን ምክር አልስማማበትም። ማሽኑ ያለ ጥበቃ ይቀራል። እርግጥ ነው፣ የቪዲዮ ጥሪ በአብዛኛው ዩዲፒን ይመርጣል፤ ይሄ የጠፋውን ሳይጠብቅ ዳታ የሚልክ ዘዴ ነው፤ ፋየርዎል ወይም ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) እሱን ከዘጋበት ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ቲሲፒ ወደሚባለው ሌላ የመላኪያ ዘዴ ይዞራሉ። ቲሲፒ ደግሞ የጠፋችውን ፓኬት (ትንሽ የዳታ ቁራጭ) እስኪያመጣ የኋለኛውን ሁሉ ያስጠብቃል፤ መዘግየቱ ከዚያ ይመጣል። መፍትሔው ግን ለጥሪ ፕሮግራሙ ብቻ መፍቀድ ነው፤ ፋየርዎሉ እንደበራ ይቆይ።

ዝምተኛው፦
ብሉቱዝ ማዳመጫ ትጠቀሚያለሽ? ብሉቱዝም የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይም አንድ ሞገድ ላይ ስለሆኑ ይረባበሻሉ። ራውተርሽ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ወደዚያ ቀይሪ፣ ከተቻለ ደግሞ በኬብል።

የማታ መምህርት፦
ተገኘ! ሪሶርስ ሞኒተር ላይ ከላይ የተቀመጠው የፋይል መጠባበቂያ ፕሮግራሙ ነበር፤ ፎቶዎቼን በሙሉ እንደ አዲስ እየላከ ነው። ፖዝ ሳደርገው ሴንዱ ወረደ፣ ዛሬ ማታም ትምህርቱ ሳይቆራረጥ አለቀ። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽኑንም አጥፍቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ! ግን ፕሮግራሙን ለዘላለም ላቆመው ነው?

ገመዱ፦
አይ፣ መጠባበቂያውማ ያስፈልግሻል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የአፕሎድ ገደብ የሚባል ሰቲንግ አላቸው፤ ዝቅ አድርገሽ ወስኚለት። ካልሆነም ከትምህርት በኋላ ልቀቂውና ሌሊቱን ይጨርስ፤ ላፕቶፑን ግን ቻርጀሩ ላይ ተዪው፣ በፓወር ሰቲንጉም እንዳይተኛ አድርጊው።