ቨርቹዋል ማሽን 4ኬ ሞኒተር ላይ ጽሑፉ ሲያንስ ማን ያስተካክል? ሆስቱ (ዋናው ኮምፒውተር) ወይስ ጌስቱ (በውስጡ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራው ሲስተም)?

ጠያቂው፦ ባለ 27 ኢንች 4ኬ ሞኒተር ገዛሁ። ሆስቴ ዊንዶውስ 11 ነው፣ ሁሉን በ150% አስፍቼው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቨርቹዋልቦክስ በሚባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ውስጥ ያለው ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ግን ጽሑፉ በጣም ስላነሰ ሞኒተሩ ላይ ተደፍቼ ነው የማነበው። አንዱ ከሆስቱ አስፋው ይለኛል፣ ሌላው ጌስቱ ውስጥ ገብተህ አስተካክል ይላል። የቱ ነው ትክክል?

የላብ ኃላፊ፦ ከሆስቱ ነው፣ አታወሳስቡት። ቨርቹዋልቦክስ ላይ የማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ ግባ፣ ስኬል ፋክተሩን (የማስፊያ ቁጥሩን) 200% አድርገው፣ አለቀ። ኡቡንቱም ይሁን አሮጌ ዊንዶውስ ለሁሉም ይሠራል፣ ገና ስትጭነው ጀምሮ። እኔ ብዙ ማሽን ነው የማስተዳድረው፣ እያንዳንዱ ጌስት ውስጥ እየገባሁ ሴቲንግ ስፈልግ ልውል? ምን በወጣኝ!

ዲዛይነሯ፦ አላለቀም ወንድሜ። ያ ምስል መለጠጥ ነው። 4ኬ ማለት 3840 በ2160 ነው። 200% ስትለው ጌስቱ የሚስለው 1920 በ1080 ብቻ ነው፣ አንዱ ፒክስል አራት ይሆናል። ከ8 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ያለው ሞኒተር ገዝቶ በ2 ሚሊዮን መጠቀም ምን ይባላል? 150% ደግሞ ይብሳል፣ አንዱ ፒክስል ለአንድ ተኩል ስለሚዳረስ ጠርዙ ይደበዝዛል። በአማርኛ ሞክረው እስኪ። «ሉ» እና «ሊ»ን የሚለያቸው ያቺ ጭረት ቀኝ እግሩ መሃል ላይ ናት ወይስ ታች የሚለው ብቻ ነው። ፊደሉ ትንሽ ሆኖ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት።

ሊኑክስ ወዳጅ፦ ከእሷ ጋር ነኝ። ጠያቂው፣ ጌስት አዲሽንስ የሚባለውን የቨርቹዋልቦክስ ተጨማሪ ጌስቱ ውስጥ ጫን፣ የቪዲዮ ሜሞሪውን 128 ሜጋባይት አድርግ፣ ስኬል ፋክተሩን ወደ 100% መልሰው። ከዚያ ኡቡንቱ ውስጥ ዲስፕሌይ ላይ 200% ምረጥ።

ጠያቂው፦ 200% ሁሉንም ነገር አገዘፈብኝ። 150% ላይ ደግሞ ማሽኑ ተንቀራፈፈ።

ሊኑክስ ወዳጅ፦ የሚጠበቅ ነው። ኤክስ11 (ሊኑክስ ላይ ስክሪኑን የሚስለው የቆየው ሲስተም) ላይ ከሆንክ 150%ን መጀመሪያ አስፍቶ ይስልና መልሶ ያሳንሰዋል፣ ቨርቹዋል ማሽን ደግሞ ለዚህ ጉልበት የለውም። እንዲህ አድርግ፦ ስኬሉን 100% ላይ ተወውና ትዊክስ የሚባለውን ፕሮግራም ጭነህ የፎንቱን መጠን ብቻ 1.5 አድርገው። አንዳንድ አይኮን ትንሽ እንደሆነ ይቀራል፣ ጽሑፉ ግን ጥርት ይላል።

የላብ ኃላፊ፦ አያችሁ? እኔ አንድ ቁጥር ቀየርኩ፣ እናንተ ስንት ነገር አስጫናችሁት! ደግሞ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ብቻ የሚሠራ የሂሳብ ፕሮግራም ያለውንስ ሰው ምን ልትሉት ነው? እነዚያ ፕሮግራሞች ለ96 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 96 ነጥብ) የተሠሩ ናቸው፣ ከፍ ስታደርገው ጽሑፉ ይቆረጣል፣ ቁልፎቹ ከመስኮቱ ይወጣሉ።

ዲዛይነሯ፦ ለኤክስፒ እውነትህን ነው፣ እሱን ለጥጠው። ለአዲሱ ሲስተም ግን ድካሙን ተጠቃሚው ላይ መጣል ልክ አይደለም። ሆስቱ «እዚህ 150% ነው» ብሎ ቁጥሩን መንገር፣ ጌስቱም በዚያ ልክ ራሱ መሳል አለበት። ይሄ ደግሞ ምኞት አይደለም። በሪሞት ዴስክቶፕ (ሌላ ኮምፒውተርን ከሩቅ መጠቀሚያው) ወደ አዲስ ዊንዶውስ ስትገባ የአንተ ስኬል አብሮህ ይሄዳል። ሌላው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም፣ ቪኤምዌር ወርክስቴሽንም፣ ቱልስ የሚባለው ተጨማሪው የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆስቱ ጋር የሚያመሳስል ምርጫ አለው። ታዲያ ይሄ ለሁሉም ጌስት እንዲደርስ መጠየቅ ሲገባን ስለምን ብዥታን እንላመዳለን?

ባለሁለት ስክሪን፦ እኔ ላፕቶፔ 4ኬ፣ ውጪ የሰካሁት ሞኒተር 1080 ነው። ጌስቱ ውስጥ 200% ካደረግኩ መስኮቱን ወደ ሞኒተሩ ስጎትተው አንድ ሜኑ ግማሽ ስክሪን ይይዛል። ሆስቱ ላይ ካደረግኩት ላፕቶፑ ላይ ይደበዝዛል። ኮድ ስለምጽፍ ብዥታውን መርጫለሁ።

ዲዛይነሯ፦ ለኮድ እሺ። አማርኛ ጽሑፍ የምታርም ቀን ግን ስኬል ፋክተሩን ወደ 100% መልሰህ፣ ጌስቱን 200% አድርገህ፣ መስኮቱን ላፕቶፑ ላይ ብቻ ክፈተው።