የሆስፒታል ሲስተም በራንሰምዌር ቢቆለፍስ? እኛ ጋ ካርድ ክፍሉ ሊዘጋ ነው

ሄኖክ_አይሲቲ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ጀማው። ከአዲስ አበባ ውጪ ባለ አንድ የመንግስት ሆስፒታል አይሲቲ ክፍል ነው የምሰራው። የታካሚ ካርድ ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር እየዞረ ነው፣ ምዝገባው፣ ላብራቶሪው፣ ፋርማሲው፣ ክፍያው ሁሉም አንድ ሲስተም ውስጥ ገብቷል። እውነት ለመናገር ስራው በጣም ቀሏል፣ ድሮ ካርዳቸው ጠፋ ተብለው ግማሽ ቀን ወንበር ላይ የሚቀመጡ እናቶች አሁን ስማቸውንና ስልካቸውን ተናግረው ይገባሉ። ማኔጅመንቱ በዚህ ደስ ብሎት አሁን ደግሞ ከዚህ በኋላ ወረቀት የሚባል ነገር የለም፣ ካርድ ክፍሉም ለሌላ አገልግሎት ይለቀቃል ብሏል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከጀርባ ያለው ነገር ነው፣ ራንሰምዌር ማለትም ፋይሉን ሁሉ ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ቢገባብንስ እያልኩ። ሰርቨሩ አንድ ነው። ባክአፑ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) በየማታው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለበጣል ግን ሃርድ ዲስኩ ከሰርቨሩ ተነቅሎ አያውቅም። አብዛኛው ኮምፒውተር ዊንዶውሱ ክራክ ነው (ያልተገዛ፣ ተሰብሮ የተጫነ)፣ አፕዴት ሲያደርግ አክቲቬሽኑ ይጠፋል ተብሎ አፕዴቱ ተዘግቷል። የአድሚን ፓስወርዱ ሁሉም ማሽን ላይ አንድ አይነት ነው፣ ፍላሽ ደግሞ ከኢንተርኔት ቤት ወደ ራጅ ክፍል ከራጅ ክፍል ወደ ሪፖርት ክፍል ሲዞር ይውላል። ይሄን ሳነሳ የሚመለስልኝ "የኛን ሆስፒታል ማን ከቁጥር ያስገባዋል? አንቲቫይረስ ተጭኖ የለም እንዴ?" ነው።

ፈረንጆቹ ያን ሁሉ በጀት ይዘው እንዴት ነው ሆስፒታሎቻቸው የሚቆለፉት? እኛስ በጀት በሌለበት ከየት እንጀምር? አለቆቼን ማሳመኛ ተጨባጭ ነገር ስጡኝ በናታችሁ።

ኔትወርክ_ጠባቂ፦

ሄኖክ ወንድሜ ማሳመኛ ከፈለግክ የአየርላንዱን ቁጭ ብለህ ተርክላቸው። ኤችኤስኢ ይባላል፣ የአገሪቱን የመንግስት ጤና አገልግሎት በሙሉ የሚያስተዳድረው መስሪያ ቤት ነው። በፈረንጆች 2021 ሜይ 14 አርብ ሌሊት ኮንቲ የሚባለው ቡድን ቆለፋቸው፣ ከዛ የባሰ እንዳይዛመት ብለው ራሳቸው የአገሪቱን የጤና ኔትወርክ በሙሉ አጠፉት። ሃኪሞቹ ጠዋት ስራ ሲገቡ የላብራቶሪ ውጤት የለም፣ የራጅ ምስል የለም፣ ኢሜይል እንኳን የለም። ወደ እስክሪብቶና ወረቀት ተመለሱ።

በኋላ ፒደብልዩሲ የሚባለው አማካሪ ድርጅት አጣርቶ ያወጣው ሪፖርት ላይ ያለው ቅደም ተከተል ነው ላንተ የሚጠቅምህ። መነሻው አንድ ሰራተኛ ማርች 18 ላይ በኢሜይል የመጣ የኤክሴል ፋይል መክፈቱ ነው፣ በቃ። ከዛ ሌቦቹ ስምንት ሳምንት ሙሉ ውስጥ ተቀምጠዋል። ልብ በል አንቲቫይረሱ አይቷቸዋል! ማርች 31 ላይ ያ መጀመሪያ የተያዘው ኮምፒውተር ላይ የሌቦቹን መሳሪያ ለይቶ መዝግቧል፣ ግን የተስተካከለው እንዲከታተል ብቻ እንጂ እንዲያግድ ስላልነበረ መዝግቦ ዝም አለ። ሊቆለፉ አንድ ቀን ሲቀረው ሜይ 13 ደግሞ የአንቲቫይረሱ ድርጅት ራሱ ኢሜይል ጻፈላቸው፣ ቢያንስ 16 ሲስተሞች ላይ ከሜይ 7 ጀምሮ ያልተነካ አደጋ አለ ብሎ። ምን አደረጉ መሰለህ፣ ሰርቨሮቹ ሪስታርት ይደረጉ ተባለ። በዛው ሌሊት ተቆለፉ።

ስለዚህ "አንቲቫይረስ ተጭኖ የለም እንዴ" ለሚሉህ መልሱ ይሄው ነው። አንቲቫይረስ ይጮሃል፣ ጩኸቱን የሚሰማ ሰው ካልተመደበ ግን ዋጋ የለውም። እነሱ ጋ በዛን ጊዜ ለሳይበር ደህንነት ብቻ ተጠያቂ የሆነ አንድ ከፍተኛ ሃላፊ አልነበረም፣ 30 ሺህ ገደማ ኮምፒውተር ደግሞ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ባቆመበት ዊንዶውስ 7 ላይ ነበር። በአንጻሩ የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር በዛው ሳምንት በነዛው ሰዎች ተሞክሮበት ምልክቱን ሲያይ ቶሎ ስለተንቀሳቀሰ ቆለፋው ከሸፈ። ልዩነቱ ምልክት ታይቶ አንድ ሰው ተነሳ ወይስ አልተነሳም ነው። ይሄን ለስራ አስኪያጃችሁ በአንድ ገጽ ጻፍለትና ስምህን ፈርመህ ስጠው፣ በቃል የተባለ ነገር ይረሳል።

ሲስተር_ለንደን፦

እኔ ነርስ ነኝ ኮምፒውተሩን እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔ ግን ስለ ካርድ ክፍሉ ልናገር ነው የገባሁት። ወንድም ሄኖክ እባክህን ካርድ ክፍሉን እንዳያስዘጉ ተከራከር፣ ቢያንስ ቢያንስ ወረቀቱን እንዳታስወግዱ።

እዚህ ለንደን በጁን 2024 ሲኖቪስ የሚባለው ለትላልቆቹ ሆስፒታሎች የደም ምርመራ የሚሰራው ድርጅት ተቆለፈ፣ ቺሊን የሚባሉ ቡድኖች ናቸው። ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታልና ጋይስ ኤንድ ሴንት ቶማስ የደም ናሙና የሚልኩት እዛ ነው። ሆስፒታሎቹ ራሳቸው አልተያዙም፣ ኮምፒውተራቸው ይሰራል፣ አልጋው አለ ሃኪሙ አለ፣ ግን ደም ምርመራ ከሌለ ምን ትሰራለህ? ኦፕራሲዮን ቆመ። የታካሚን ደም ከሚሰጠው ደም ጋር ማመሳሰል በድሮው ፍጥነት ስላልተቻለ ለማንም የሚሆነው ኦ ደም ብቻ ተፈለገና ኦ የሆናችሁ ኑ ለግሱ ተብሎ ህዝቡ ተጠራ። ከ10 ሺህ በላይ የተመላላሽ ቀጠሮና ከ1,700 በላይ ኦፕራሲዮንና ህክምና ተራዘመ። እኔ የምሰራበት ሌላ ቦታ ነው አልተነካም፣ ግን ደም በቁጠባ ተጠቀሙ የሚለው መልእክት እኛም ጋ ደርሷል። በ2025 ደግሞ ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል አንድ ታካሚ ለሞቱ አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች አንዱ በዛ ጥቃት ምክንያት የደም ውጤቱ መዘግየቱ እንደሆነ አረጋገጠ። ሰው ነው የሞተው። ይሄ የኮምፒውተር ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው ካሉ ይሄን ንገራቸው።

ምን ይደረግ ላልከው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። በየዋርዱ አንድ ካርቶን ይኑር፣ ውስጡ ባዶ የመድሃኒት ማዘዣ፣ የላብራቶሪ መጠየቂያ፣ የቫይታል ሳይን ፎርም፣ የመድሃኒት መስጫ ቻርት፣ እስክሪብቶ። ተረኛዋ ነርስ ሺፍት ስትቀይር የተኙትን ታካሚዎች ስም፣ ምርመራው ምን እንዳለ፣ ምን መድሃኒት በስንት ሰዓቱ እንደሚወስዱ፣ ምን አለርጂ እንዳላቸው አንድ ወረቀት ላይ ፕሪንት ታድርግ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ በማግስቱ አሮጌው ይቀደድ። ሲስተሙ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቢጠፋ ፔኒሲሊን የማይስማማው ልጅ የትኛው አልጋ ላይ እንዳለ የሚነግርህ እሱ ወረቀት ብቻ ነው። የኤችአይቪና የቲቢ ክትትል ያላቸውን ደግሞ አስቡት፣ መድሃኒታቸው መቋረጥ የለበትም፣ የቀጠሮ መዝገቡ ጨርሶ ኮምፒውተር ላይ ብቻ መሆን የለበትም። አዲስ የሚመጡት ነርሶች ደግሞ በወረቀት ሰርተው አያውቁምና አልፎ አልፎ ሲስተሙን ለሁለት ሰዓት አጥፍታችሁ አለማምዷቸው።

ቦሌ_ቴክ፦

ሲስተር ያለችው ልክ ነው ግን ሄኖክ ስለ በጀት የጠየቀው ላይ ልጨምር። እንግሊዞቹም ከዛ በፊት በ2017 ሜይ 12 ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር ሲመታቸው ችግሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን የለቀቀው ማርች 14 ነው፣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የጤና አገልግሎቱ የዲጂታል ክፍል በማርችና በኤፕሪል አፕዴት አድርጉ ብሎ ለሆስፒታሎቹ ማስጠንቀቂያ ልኳል። ከጥቃቱ በፊት ከ236ቱ የሆስፒታል ተቋማት 88ቱ ተፈትሸው አንድም አላለፈም፣ ግን ካላለፋችሁ ትስተካከላላችሁ ብሎ የሚያስገድድ አልነበረም። በመጨረሻ ቢያንስ 80 ተቋም ተረበሸ፣ ወደ 19 ሺህ ቀጠሮ ተሰረዘ ተብሎ ተገመተ፣ አምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል የተመለሰበት ቦታ ነበር፣ ኪሳራው 92 ሚሊዮን ፓውንድ ተባለ። ሁሉም ሰው ጥፋቱን አሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ይለጥፋል፣ የተያዙት ግን አብዛኞቹ አፕዴት ያልተደረጉ ዊንዶውስ 7 ናቸው።

"የኛን ሆስፒታል ማን ከቁጥር ያስገባዋል" ላሉህ ደግሞ ዋናክራይ ማንንም አልመረጠም። በራሱ ከማሽን ወደ ማሽን የሚዘል ትል ነው፣ 150 አገር ገደማ የገባው ሰው አስቦ ልኮት ሳይሆን ክፍት በር ስላገኘ ነው። የናንተም በር ክፍት ነው።

ስለ ክራኩ ብዙ ሰው ቅር ሊለው ይችላል ግን እናገራለሁ። አክቲቬተር ብለን ከቴሌግራም የምናወርደው ፋይል ራሱ አንቲቫይረስ አጥፉና አስኪዱኝ የሚል ፋይል ነው፣ አድሚን ሆኖ ነው የሚገባው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። የታካሚ መረጃ ያለበት ማሽን ላይ ይሄ መቆም አለበት። ላይሰንስ መግዛት ካልተቻለ ለምዝገባና ለክፍያ መስኮቶቹ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ይበቃል፣ ሲስተማችሁ በብራውዘር የሚከፈት ከሆነ ሰራተኛው ልዩነቱን በሳምንት ይለምደዋል። ከራጅ ወይ ከላብራቶሪ ማሽን ጋር የመጣውን አሮጌ ኮምፒውተር ግን ዝም ብለህ እንዳትነካው፣ አቅራቢው ካልፈቀደ መሳሪያው ሊቆም ይችላል፣ እሱን ለብቻው በሌላ ኔትወርክ አስቀምጠውና ኢንተርኔት ከልክለው። ኤስኤምቢ ቨርዥን 1ን (አሮጌውን የዊንዶውስ ፋይል ማጋሪያ ዘዴ) ዛሬውኑ አጥፋ፣ የአድሚን ፓስወርዱን በየማሽኑ ለያይ፣ ሰራተኛው በአድሚን አካውንት አይግባ። እነዚህ ሁሉ ብር አይጠይቁም፣ የሚጠይቁት ያንተን ጊዜና የአለቃህን ፊርማ ነው።

ሳባ_ሀደራ፦

ከእስራኤል ነኝ። እኛ ከተማ ሀደራ የሚገኘው ሂሌል ያፌ የመንግስት ሆስፒታል በኦክቶበር 2021 እንደዚሁ ተቆልፎ ነበር። ሃኪሞቹ በእጅ እየጻፉ ሰሩ፣ የማይቸኩል ህክምና ያለው ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላከ። ከተማችን ውስጥ ብዙ የኛ ሰው አለ፣ እናቶቻችን ሂብሩ በደንብ የማይናገሩ ናቸው፣ ምን መድሃኒት ትወስጃለሽ ሲባሉ ነጯ ክኒን፣ ቢጫዋ ክኒን ነው የሚሉት፣ ፋይሉ ላይ ነው የሚተማመኑት። ስለዚህ እኔ ለእናቴ የመድሃኒቶቿን ስምና መጠን በአማርኛም በሂብሩም ጽፌ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጌላታለሁ። አገር ቤትም ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ወላጆች ያላችሁ ይሄን አድርጉ፣ ሆስፒታሉ እስኪያስተካክል አትጠብቁ።

ሄኖክ_አይሲቲ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ሲስተር በተለይ የካርቶኑን ነገር ነገ ለሜትሮኗ ነው የምነግራት። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ስብሰባ ላይ አንዱ ሃላፊ ቢያዝስ ከፍለን እናስከፍተዋለን አለ። ይሄ ያስኬዳል? ባክአፑንስ በትክክል እንዴት ላድርገው፣ ክላውድ እንዳልል ኢንተርኔታችን ደካማ ነው።

ኔትወርክ_ጠባቂ፦

ክፍያውን እርሳው። መጀመሪያ ነገር የመንግስት መስሪያ ቤት ቢትኮይን በየትኛው የሂሳብ መደብ ሊከፍል ነው? ሁለተኛ ቁልፍ ማግኘት ማለት መዳን አይደለም። አየርላንድ አልከፈለችም፣ ሌቦቹ ከስድስት ቀን በኋላ ሜይ 20 ላይ ቁልፉን በነጻ ሰጧቸው፣ ቁልፉ በእጃቸው እያለ ግን ሰርቨሮቹ ተፈተው ያለቁት ሴፕቴምበር ላይ ነው፣ አራት ወር ማለት ነው፣ ያውም የአገሪቱ ጦር ሰራዊት ሳይቀር ሰው መድቦ አግዟቸው። የተሰረቀውን የታካሚ መረጃ ደግሞ ብትከፍልም አትመልሰውም፣ የአንድን ሰው የኤችአይቪ ውጤት አንዴ ከወጣ ማን ይሰበስበዋል። እኛ ጋም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ መረጃውን የመጠበቅ ሃላፊነት የሆስፒታሉ ነው፣ ይሄንንም ደብዳቤህ ላይ ጥቀሰው።

ባክአፕ ላልከው፣ አሁን ያለው ሃርድ ዲስክ እንደተሰካ ስለሆነ ሰርቨሩ ሲቆለፍ እሱም አብሮ ይቆለፋል፣ እንደሌለህ ቁጠረው። ሁለት ሃርድ ዲስክ ጨምረህ አስገዛ፣ ጨረታ የማይፈልግ ትንሽ ግዥ ነው። በየቀኑ እያፈራረቅክ አንዱ ሲሰካ ሌላው ተነቅሎ ሌላ ህንጻ ውስጥ ካዝና ውስጥ ይቆለፍ፣ ፋይናንስ ክፍል ካዝና አይጠፋም። ኢንክሪፕት አድርገው፣ ያለ ፓስወርድ እንዳይነበብ፣ ምክንያቱም ዲስኩ ከተሰረቀ ያው ነው። ማን ነቀለ ማን አስቀመጠ የሚል መዝገብ ይኑር፣ አንተ እረፍት ስትወጣ ማን እንደሚሰራው በስም ይጻፍ። ከዛ ደግሞ ዋናው ነገር፣ አንድ ትርፍ ኮምፒውተር ፈልግና ባክአፑን እዛ ላይ ሪስቶር አድርገህ (መልሰህ ጭነህ) ካርድ ክፍል ያሉትን ልጆች ጥራና የሚያውቁትን ታካሚ ፈልጉ በላቸው። ካገኙት ባክአፕ አለህ። የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደሩ ኢንሳም የመንግስት ተቋማትን ሲስተም ይፈትሻል፣ በሆስፒታሉ ስም ደብዳቤ አስጽፍና እንዲፈትሹላችሁ ጠይቁ።

ሄኖክ_አይሲቲ፦

ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ። ሪስቶሩን ቅዳሜ ነው የምሞክረው፣ ተመላላሽ ስለሌለ። ቦሌ ቴክ፣ የሊኑክሱን ነገር በውስጥ መስመር ልጽፍልህ ነው፣ ምዝገባ መስኮት ላይ ያለው ፕሪንተር ይሰራ እንደሆነ ንገረኝ።